ሳቄ ያጋለጠኝ ለት

ለወራት ደብቄ የያዝኩትን ነገር በአንድ ሳቅ አወጣሁት። ጅዳ ነው፣ ረመዳን፣ 2001 ዓ.ም ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ውጭው በሌሊት እንኳ የሚያልብበት ጊዜ። ቤተሰቡ ሳሎን ተሰብስቦ ቲቪ ያያል፣ እኔ የሻይ ብርጭቆ ልሰበስብ ገብቻለሁ፣ ማስታወቂያ ሲገባ አሮጊቷ ለልጅ ልጆቻቸው ተረት ጀመሩ፣ እኔም ትሪውን እንደያዝኩ ጆሮዬ እዛው ቀረ። ተረቱ ሲያልቅ ልጆቹ ገና ሳይገባቸው እኔ ሳቅኩ። ጮክ ብዬ። ሁሉም ዞረው አዩኝ።

ይሄ ከሆነ ቆይቷል፣ ወልጄ አሳድጌያለሁ፣ ጅዳም ከዛ ወዲህ አልተመለስኩም። ግን ባለፈው ሰሞን ማታ ስልኬን ስነካካ ያን ለት ቲቪው ላይ የነበረው የግብጽ ድራማ ቁራጭ ቪዲዮ መጣልኝ፣ ያ ወፍራም ሰውዬ በድሮ ልብስ ሆኖ ሲያወራ ድምፁን ስሰማ የትሪው ክብደት እጄ ላይ ተሰማኝ። ልጄ "እማ ምን ሆንሽ?" አለችኝ። ምንም አልኳት። ያቺን ማታ ለራሴ ስንቴ እንደተረኩት አላህ ነው የሚያውቀው፣ ግን አንድ ነገሯ እስከዛሬ አልፈታ ብሎኛልና ልጻፋት።

ማፊ ማዕሉም

ኮንትራት የሄደች ሁሉ ይቺን ቃል ታውቃታለች። ማፊ ማዕሉም፣ አላውቅም እንደማለት ነው። የመጀመሪያ ሰሞን እውነትሽን ነው የምትያት፣ ምንም ስለማታውቂ። ኋላ ላይ ግን ቤትሽ ትሆናለች፣ እዛ ውስጥ ትገቢና በሩን ትዘጊያለሽ።

እኔ ከኮምቦልቻ በጥር ሄጄ እስከ ግንቦት አረብኛው ገብቶኝ ነበር። ማንም አላስተማረኝም፣ ቲቪው ነው ያስተማረኝ። ሽንኩርት እየከተፍኩ፣ ካውያ እየተኮስኩ፣ ሳሎን ውስጥ ሙሉ ቀን ክፍት የሚውለው ቲቪ ለእኔ ትምህርት ቤት ሆነ፣ በተለይ የግብጾቹ ድራማ፣ እነሱ ሲያወሩ ቀስ ብለው አፋቸውን ሞልተው ስለሆነ መጀመሪያ የገባኝ የጅዳ አረብኛ ሳይሆን የካይሮው ነው። ግን ለማንም አልተናገርኩም። የጎረቤት ቤት የምትሠራ የወሎ ልጅ ነበረች፣ ጣራ ላይ ልብስ ስናሰጣ በግንቡ በኩል እናወራለን፣ እሷ ናት የመከረችኝ። "ቋንቋ ቻልኩ እንዳትያቸው፣ የቻልሽ ለት ሥራው እጥፍ ይሆናል፣ ደሞ በፊትሽ የተወራውን ሁሉ ሰምታለች ብለው ይፈሩሻል፣ የፈሩሽ ሰዎች ደሞ ከጠሉሽ ይብሳሉ" አለችኝ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ። እኔም ዝም አልኩ።

ዝም ብዬ ስንት ነገር ሰማሁ መሰላችሁ። ማዳሜ ኩሽና በር ላይ ተደግፋ ከእህቷ ጋር በስልክ ታወራለች፣ እኔ አጠገቧ ሳህን አጥባለሁ፣ እሷም ግድግዳ አጠገብ እንደቆመች ነው የምታወራው። የሦስት ወር ደሞዜ ያልተሰጠኝ ባባ፣ ባሏ ማለት ነው፣ ገንዘብ አጥሮት አልነበረም። "ሁሉን ከሰጠኋት ትጠፋለች፣ እጄ ላይ ይቆይ" ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። በወር 600 ሪያል ነው፣ ሦስት ወር 1,800፣ ያኔ እናቴ ቤት ጣራው ያፈሳል፣ ክረምቱ ደሞ ገብቷል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፣ የእኔ ወረቀት ግን፣ ፓስፖርቱም ኮንትራቱም፣ የባባ ካዝና ውስጥ ነበር። ታዲያ እህቷ በስልኩ ውስጥ "ትሰማሽ ይሆን እኮ" ብትላት ነው መሰለኝ፣ ማዳሜ እኔን ገልመጥ አድርጋ ሳቅ አለችና "ይቺ? ሙኽ ማፊ!" አለች። አእምሮ የላትም። እኔም ሳህኔን ማጠብ ቀጠልኩ።

ያቺን ቃል በቀን ስንቴ እንደምሰማት። ብርጭቆ ሲሰበር ሙኽ ማፊ፣ ጨው ሲበዛ ሙኽ ማፊ፣ ልጁ ጫማውን ሲያጣው እንኳ ሙኽ ማፊ እኔ ነኝ። መጀመሪያ አካባቢ ሌሊት ያስለቅሰኛል። ኋላ ግን አንድ ነገር ገባኝ፣ አእምሮ የላትም በተባለች ሰው ፊት ሰው ሁሉ ራቁቱን ነው የሚቆመው። ሁሉን ነገር ያወራል፣ ሁሉን ነገር ያደርጋል። ይሄን ማወቅ ያስደስታል እንዳልል አያስደስትም፣ ያስፈራል። የሰው ቤት ምስጢር ሆድሽ ውስጥ ይከማችና የምታራግፊበት ታጫለሽ።

ጎሓ ወይስ ጁሓ

ረመዳን ሲገባ ቤቱ ይገለበጣል። ቀኑ ሌሊት ሌሊቱ ቀን ይሆናል። ከአስር ሰዓት ጀምሮ ሳምቡሳ እጠብሳለሁ፣ ሾርባው፣ ፉሉ፣ ባባ ከሰፈር ጋጋሪ የሚያመጣው ትልቁ የተሚስ ዳቦ፣ ለልጆቹ ቪምቶ፣ ለትላልቆቹ ሶቢያ። እኔም እጾማለሁ፣ እሳት ላይ ቆሜ። ከመግሪብ በኋላ ሁሉም ሆዱ ሲሞላ ቲቪ ፊት ይደረደራል፣ በረመዳን ድራማ በየማታው አንድ አንድ ክፍል እየሆነ ወሩን ሙሉ ይሄዳል፣ አረብ አገር የኖረ ያውቀዋል።

የዛን ዓመት አዲሶቹን ልጆቹ ያዩ ነበር፣ አሮጊቷ ግን አልወደዱላቸውም። የባባ እናት ናቸው፣ እኛ ማማ ከቢራ ነው የምንላቸው፣ ትልቋ እናት። እሳቸው የድሮ ድራማ እየደጋገመ የሚያሳይ ጣቢያ ነበራቸውና ሪሞቱን ቀምተው እሱ ላይ ያደርጉታል። እዛ ላይ ነው ጁሓን ያየሁት፣ በአረቦች ተረት ውስጥ ሞኝ መስሎ ብልህ የሆነውን ሰውዬ። "ጁሓ አል መስሪ"፣ ግብጻዊው ጁሓ እንደማለት፣ ግብጽ ውስጥ በ2002 እንደ ፈረንጆቹ የወጣ፣ ዩስሪ አል ጂንዲ የጻፈው፣ መጅዲ አቡ ዐሚራ ያዘጋጀው። ጁሓን ሆኖ የሚሠራው ያህያ አል ፈኽራኒ ነው፣ ትምህርቱ ሕክምና ነው፣ ሐኪም ሆኖ ተመርቆ ነው ወደ ትወና የገባው። እኔ ያኔ ይሄን አላውቅም። የማውቀው ፊቱን ነው። ልጆቹ ስሙን ጁሓ ይሉታል፣ ቲቪው ውስጥ ግን ጎሓ ነው፣ ግብጾች ጀን ገ አድርገው ስለሚጠሩት፣ ትንሹ ልጅ በየማታው "ጎሓ አይደለም ጁሓ ነው" እያለ ከቲቪው ጋር ይጣላል።

ያ ተዋናይ ትልቅ ሰውነት አለው፣ ግን ዓይኑ የልጅ ዓይን ነው። ሹም ፊት ሲቆም የምር የማያውቅ ይመስላል፣ አፉን ከፈት ያደርጋል፣ ይጠይቃል፣ እንደ ሕፃን ነው የሚጠይቀው፣ የተጠየቀው ሹም ግን ላብ ያጠምቀዋል። ልብሱ የጥንት ነው፣ ነገሩ ግን ስለዛሬ መሆኑን ባባ ሳይቀር ያውቃል፣ አንዳንዴ ሳቁን በእጁ ሸፈን አድርጎ ነው የሚስቀው። እኔ በበሩ ስንጥቅ ቆሜ ነው የማየው፣ ምክንያቱም መቀመጥ አይፈቀድልኝም። ታዲያ ሳየው አንድ ነገር ያመኝ ነበር። ይሄ ሰውዬ የሚያደርገውን እኔም አደርገዋለሁ፣ ማፊ ማዕሉም ይላል፣ እኔም እላለሁ። ግን እሱ ማፊ ማዕሉም ብሎ ሹሙን ይጥለዋል፣ እኔ ማፊ ማዕሉም ብዬ ሳህን አጥባለሁ።

ድስቱ ወለደ

እና ያን ለት ማታ ማስታወቂያ ገባ። ማማ ከቢራ ድራማውን አቋርጠው "ይሄ የእነሱ ጁሓ ነው፣ አሁን እኔ የእኔን ልንገራችሁ" አሉ። ልጆቹ ከምንጣፉ ተነስተው ተጠጓቸው። እኔ ጎንበስ ብዬ ብርጭቆ እያነሳሁ ነው፣ አንዱ ብርጭቆ ውስጥ የናና ቅጠል ተጣብቆ ቀርቷል፣ ይሄ ሁሉ አሁን ፊቴ ነው ያለው።

ጁሓ ከጎረቤቱ ድስት ተዋሰ አሉ። በማግስቱ ሲመልስ ውስጡ ትንሽዬ ድስት ጨምሮ መለሰ። ጎረቤትየው "ይሄ ምንድነው?" አለው። ጁሓ "ድስትህ እኔ ቤት ወለደ፣ ልጁ ያንተ ነው" አለው። ጎረቤትየው ደስ ብሎት ሁለቱንም ይዞ ገባ። ከሳምንት በኋላ ጁሓ ድስቱን ደግሞ ተዋሰ፣ አልመለሰም። ጎረቤትየው ሲጠይቀው "አላህ ያጽናህ፣ ድስትህ ሞተ" አለው። "ድስት ይሞታል እንዴ?" ብሎ ጮኸ። ማማ ከቢራ እዚህ ላይ ቆም አሉ፣ ጣታቸውን አንስተው "መውለዱን ያመንክ ሰውዬ፣ መሞቱን ለምን አታምንም?" አሉ።

ሳቄ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ከሆዴ ነው የመጣው፣ ከዛ ሁሉ ወር ስር። ተረቱ ብቻ አይደለም ያሳቀኝ፣ ተረቱን በባዕድ ቋንቋ እስከ ጫፉ ተከትዬው ሄጄ ጫፉ ላይ ከተራኪዋ እኩል መድረሴ ነው። በአገሬ ስሆን አያቴ ሲያወጋ የምስቀውን ሳቅ ነው የሳቅኩት። ከኮምቦልቻ ከወጣሁ ጀምሮ ሰው መሀል ሆኜ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዛ ዝም አለ ቤቱ። የኤሲው ድምፅ ብቻ። አስር ዓመት የሚሆነው ልጅ አፉን ከፍቶ አየኝና "ፈህመት! ፈህመት!" ብሎ ጮኸ፣ ገባት፣ ገባት። ማዳሜን አየኋት። የተቆጣች አልመሰለችም፣ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ዓይኗ ቲቪው ላይ ነው ግን አያይም፣ ወደ ኋላ እየቆጠረች ነው፣ ነሐሴ፣ ሐምሌ፣ ሰኔ፣ በፊቴ ያወራችውን ሁሉ፣ የደሞዜን፣ የባሏን፣ የአማቷን፣ የእህቷን። በሰከንድ ውስጥ ስንት ወር እንደሚቆጠር ያኔ አየሁ። ጉልበቴ ከዳኝ። ብርጭቆዎቹ ትሪው ላይ እርስ በርስ ይንኳኳሉ፣ ላቆማቸው አልቻልኩም።

ማማ ከቢራ ወደኔ እንኳ ሳይዞሩ፣ መቁጠሪያቸውን እየገፉ፣ በዛ በተሰለቸ የአሮጊት ድምፅ "ምን ይገባታል፣ እኔ ስስቅ አይታ ነው የሳቀችው፣ ሙኽ ማፊ" አሉ።

ልጆቹ ሳቁ። ባባ ሳቀ። ድራማው ተመለሰ፣ ሁሉም ፊቱን ወደ ጁሓ አዞረ። እኔ ትሪዬን ይዤ ኩሽና ገባሁ፣ ቧንቧ ከፍቼ እጄን ውሃ ውስጥ ነክሬ ቆምኩ። እጄ ሲበርድ ነው የታወሰኝ። ማማ ከቢራ እኮ አልሳቁም ነበር።

የማማ ከቢራ ጆሮ

እሳቸውን በቤቱ ውስጥ ማንም አይቆጥራቸውም። ጃጅተዋል ነው የሚባለው፣ ጆሮአቸውም አይሰማም ነው የሚባለው፣ ማዳሜ ስታናግራቸው ትጮሃለች፣ ሳትጮህ ደሞ ፊታቸው ቁጭ ብላ ታማቸዋለች። እኔም እንደማይሰሙ ነበር የማምነው። ስምንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለስሑር ምግብ ሳሰናዳ ኩሽና መጡ፣ የፕላስቲክ ወንበሯን ጎተት አድርገው ተቀመጡ፣ ከዛ ቀስ ብለው፣ በሹክሹክታ ማለት ይቻላል፣ "ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ድስቱ ሞቷል ወይስ አልሞተም?" አሉኝ።

እኔ የለመድኳት መደበቂያዬ ውስጥ ገባሁ። "ማማ፣ ማፊ ማዕሉም።"

ጆሮአቸውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉና "እኔም ማፊ ማዕሉም" አሉ።

ሌላ ምንም አላሉም። ሻይ ጠጡ፣ ተነሱ፣ ሄዱ። እኔ ግን እዛው ቆሜ ቀረሁ። ለካ ሙሉ በሙሉ ይሰማሉ። ለካ በዛ ቤት ውስጥ ማፊ ማዕሉም ብላ የምትኖር እኔ ብቻ አይደለሁም፣ የቤቱ እናትም በገዛ ልጃቸው ቤት በዚያው ቃል ነው የሚኖሩት።

ከዛ ማታ ጀምሮ ስሑር ሲደርስ ይመጣሉ። አይጠይቁኝም፣ አይመክሩኝም፣ የጁሓ ተረት ነው የሚያወሩት። ግን ተረቱ ዝም ብሎ አይመጣም። ማዳሜ እኔን ለእህቷ ቤት በነጻ ልታውሰኝ ያሰበች ለት የሚስማሩን ነገሩኝ፣ ጁሓ ቤቱን ሸጦ ግድግዳው ላይ ያለችውን አንዲት ሚስማር ግን አልሸጥኩም ብሎ፣ በሚስማሯ ሰበብ በምሳም በእራትም በሌሊትም እየመጣ ገዢውን ከቤቱ እስኪያስወጣው ድረስ። አረቦች እስከዛሬ ድረስ በትንሽ ሰበብ የሰው ቤት ገብቶ የማይወጣን ነገር የጁሓ ሚስማር ይሉታል። ተረቱን ሲጨርሱ "አንዴ ለአንድ ቀን ከሄድሽ ሚስማር ተመታብሽ" ብለው ተነሱ። በማግስቱ ማዳሜ ስትነግረኝ ሆዴን ይዤ ታመምኩ አልኩ።

አንድ ሌሊት ደሞ የጁሓ ያልሆነ ነገሩኝ፣ የበህሉልን። ባግዳድ ውስጥ በኸሊፋው በሃሩን አር ረሺድ ዘመን የነበረ፣ እብድ ነው የሚሉት ብልህ። በህሉል አንድ ቀን ቤተ መንግሥት ገባና የሃሩን ዙፋን ባዶ ሆኖ ሲያገኘው ተቀመጠበት። ዘበኞቹ ደብድበው አወረዱት። ሃሩን ሲመጣ እያለቀሰ አገኘው። "ስለተመታህ ነው የምታለቅሰው?" ሲለው "የለም፣ ላንተ ነው የማለቅሰው፣ እኔ ለአፍታ ብቀመጥበት ይሄን ያህል ተመታሁ፣ አንተ ዕድሜህን ሙሉ ተቀምጠህበት ምን ይጠብቅህ ይሆን" አለው። ማማ ከቢራ ይሄን ሲነግሩኝ እጃቸውን ወደ ሳሎኑ ዘርግተው ትልቁን ሶፋ አሳዩኝ።

ዒድ የዋለው መስከረም 10 ነው፣ የእኛ አዲስ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ እንቁጣጣሽን ብቻዬን ኩሽና ውስጥ ነው ያሳለፍኳት። የዒድ ለት ቤቱ በእንግዳ ሞላ፣ የባባ አለቃ ከነሚስቱ፣ የመስጊዱ ሰዎች፣ ዘመድ። እኔ ቡና እያዞርኩ ነው። ማማ ከቢራ ከጥግ ሆነው፣ ያው የማይሰማ ሰው እንደሚጮኸው ጮክ ብለው "ይቺ ልጅ ደሞዟን ተቀብላለች ወይ? ነቢዩ ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም ለሠራተኛ ላቡ ሳይደርቅ ክፈሉት ብለዋል፣ አባቴ ሱቅ ውስጥ እንደዚህ ነበር" አሉ። ቤቱ ዝም አለ። ባባ ቀላ። ማዳሜ "ያ ማማ፣ ተከፍሏታል እኮ" አለች። እሳቸው "ሃ?" አሉ፣ እጃቸውን ጆሮአቸው ላይ አድርገው። "ተከፍሏታል!" "ሃ? አልተከፈላትም?" ሦስት ጊዜ አስጮሁዋት፣ በእንግዳ ፊት። እንግዶቹ "አሮጊት ናቸው" እያሉ ፈገግ አሉ፣ ግን ሁሉም እኔን አዩኝ፣ የለበስኩትን አዩ፣ እጄን አዩ። በማግስቱ ጠዋት 1,800 ሪያል ፖስታ ውስጥ ሆኖ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ አገኘሁት፣ ማንም ምንም ሳይለኝ። የእናቴ ቤት ጣራ በዛ ብር ነው የተመታው፣ ዛሬም አለ።

ከሞኝነት በስተኋላ

አገሬ ከገባሁ በኋላ ነው ስለ ጁሓ ማንበብ የጀመርኩት። ሰውየው መጨረሻ የለውም። የስሙ ሥር ኢራቅ ውስጥ ባለችው ኩፋ በ8ኛው ክፍለ ዘመን ይኖር ነበር ከሚባል አቡል ጉስን ከሚሉት ሰው ጋር ይያያዛል፣ ባግዳድ ውስጥ በ10ኛው ክፍለ ዘመን ኢብን አን ነዲም የሚባለው መጻሕፍት መዝጋቢ የጁሓ ቀልዶች ስብስብ በመጽሐፍ መልክ እንደነበር መዝግቧል። ቱርኮች ናስረዲን ሆጃ ብለው የራሳቸው አድርገውታል፣ አክሼሂር የሚባል ከተማ መቃብሩ አለ፣ ፊት ለፊቱ ትልቅ ቁልፍ የተንጠለጠለበት በር አለው፣ ዙሪያው ግን ግድግዳ የለውም፣ በየትም ይገባል። ዩኔስኮ በ2022 እንደ ፈረንጆቹ የሆጃን ተረት የመተረክ ባህል በሰባት አገሮች ስም ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል። ሲሲሊዎች ጁፋ ይሉታል። በስዋሂሊ አገር ደሞ በዚሁ ወንበር ላይ የሚቀመጠው አቡኑዋሲ ነው። ከሺህ ዓመት በፊት ፋርስ ውስጥ ኒሻፑር የነበረ አንድ ሊቅ፣ አል ኒሳቡሪ፣ ስለ ብልህ እብዶች ብቻ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፏል፣ በህሉልም እዛ ውስጥ አለ።

ይሄን ሁሉ ሳነብ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር። ለምን ሞኝ መሆን ያስፈልገዋል? ለምን ዝም ብሎ ብልህ አይሆንም? እንግዲህ መልሱ ለእኔ እዛች ኩሽና ውስጥ ነው ያለው፣ ብልህ ሆኖ የተናገረ ሰው የተናገረበትን ይጠየቃል፣ ሞኝ የተባለ ግን የሰማው ሁሉ ራሱን ይጠይቃል። ማማ ከቢራ በጤና ጆሮአቸው፣ በሙሉ አእምሮአቸው፣ "ደሞዟን ስጧት" ብለው ቢሆን የእናትና የልጅ ጠብ ነበር፣ እኔም በማግስቱ ወደ ኤጀንሲ። ጆሮአቸው አልሰማ ሲል ግን ማንን ይቆጡ።

የእኛ አገሩ ግን ትንሽ ይለያል፣ ይሄን ቆይቼ ነው ያስተዋልኩት። አለቃ ገብረ ሐና ሞኝ ሆነው አያውቁም። የቤተ ክህነት ሊቅ ናቸው፣ ተክሌ አቋቋም የሚባለው ዝማሜ ራሱ የእሳቸው ፈጠራ ነው ይባላል፣ በልጃቸው በተክሌ ስም። እሳቸውን ሁሉም ብልህ መሆናቸውን እያወቀ ነው ቤቱ የሚጠራቸው። ታዲያ በምን ይሸፈናሉ? በሰሙ። ጁሓ ሞኝነቱን ለብሶ እውነቱን ፊት ለፊት ይናገራል፣ አለቃ ደሞ ዕውቀታቸውን ለብሰው እውነቱን ቃሉ ውስጥ ይቀብሩታል። አንዱ ራሱን ደብቆ ነገሩን ያወጣዋል፣ አንዱ ራሱን አውጥቶ ነገሩን ይደብቀዋል። የሁለቱንም ሥራ የሚያሠራው ግን ያው ፍርሃት ነው።

ከመሶቡ አይጡ

እዛ ቤት ሁለት ዓመቴን ጨረስኩ። ደሞዜ ከዛ ዒድ በኋላ አንድም ወር አልዘለለም። ማዳሜም ስለዛች ሳቅ አንድ ቀን አንስታብኝ አታውቅም፣ እንደ ድሮው ኩሽና በር ላይ ተደግፋ በስልክ ታወራለች፣ ሙኽ ማፊ ትለኛለች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወር ሊያልቅ ሲል፣ ለእህቷ ነው መሰለኝ፣ ከወትሮዋ ጮክ አድርጋ "የልጅቷን ደሞዝ ሐሙስ ነው የምሰጣት፣ አትጨነቂ" አለች። እህቷ በእኔ ደሞዝ ምን እንዳስጨነቃት ያኔ አልጠየቅኩም።

ልወጣ ሁለት ቀን ሲቀረኝ፣ ሌሊት፣ ማማ ከቢራ ኩሽና መጡ። ረመዳን አልነበረም፣ እንዲሁ መጡ። እግራቸው አብጦ ስለነበር ቅባት እያሸሁላቸው ነው። "አንቺ አገር ጁሓ የለም?" አሉኝ። አለ አልኳቸው። "በይ ንገሪኝ።"

እኔም ስለ አለቃ በዛ በተሰባበረ አረብኛዬ ጀመርኩ። አንዲት ሴትዮ ቤት ለምሳ ተጠሩ። መሶቡ ሲከፈት አይጥ ዘላ ወጣች። ሴትዮዋ ምንም እንዳላየች ሆና እንጀራውን አቀረበች፣ አለቃም ምንም እንዳላዩ ሆነው በሉ። በልተው ሲጨርሱ ይመርቁ ተባሉ። "በላነው ጠጣነው ከእንጀራው ከወጡ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን ከመሶቡ አይጡ" ብለው መረቁና ሄዱ።

እዚህ ላይ ተያዝኩ። አይጡ የሚለውን በምን ልግለጽላቸው፣ ከመሶባችሁ እንጀራ አትጡ ማለትም ነው፣ የመሶቡ አይጥ ማለትም ነው፣ አረብኛ ውስጥ አንድ ላይ አልመጣ አለኝ። በአንዱ እጄ እንጀራውን በሌላው አይጧን እያሳየሁ፣ አንድ ቃል ናት፣ ሁለት ናት፣ እያልኩ ብዙ ደከምኩ። ማማ ከቢራ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። አልሳቁም። ጭራሽ አልገባቸውም ብዬ ተስፋ ቆርጬ ወደ እግራቸው ተመለስኩ።

ትንሽ ቆይተው "ሴትዮዋ መሰደቧ ገባት?" አሉኝ።

"አይ ማማ፣ አልገባትም። አሜን ነው ያለችው።"

ዓይናቸውን ገለጡና ወደ ኮሪደሩ፣ ማዳሜ ወደተኛችበት ክፍል አዩ።

"ገብቷታል" አሉ። "ገብቷት ነው አሜን ያለችው።"